ኦስካር ቺብዌ ዩኒቨርሲቲ ቀይሮ ተሳካለት፤ ለወንድሜም ይሆናል?

ጥያቄው፦ «ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ መጥቶ እዚህ አሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ዲቪዥን አንድ ነው፣ ከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ። ፎርዋርድ ነው፣ ቀለበቱ አጠገብ የሚጫወት፤ ሁለተኛ ዓመቱን እየጨረሰ ነው። በአንድ ጨዋታ ቢሰለፍ ስምንት ደቂቃ ነው። አሁን ‹ትራንስፈር ፖርታል እገባለሁ› ብሎ ቆርጧል፤ ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስማቸውን የሚያስገቡበት መዝገብ ነው። ለምን ስለው ‹ኦስካር ቺብዌን አታውቂውም? ዩኒቨርሲቲ ቀይሮ አይደል እንዴ የአሜሪካ ኮሌጆች ምርጥ ተጫዋች የሆነው› ይለኛል። እውነት ነው? የዚያ ልጅ ታሪክ ለእሱ ይሆናል?»

እህቴ፣ ወንድምዎ አልዋሸም። ኦስካር ቺብዌ ዩኒቨርሲቲ በቀየረ በመጀመሪያው የውድድር ዓመት የአሜሪካ ኮሌጆች ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። እኔ ከወጣት ተጫዋቾችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለ ዝውውር በተነሳ ቁጥር የኦስካር ስም ይጠራል። ታሪኩን በጣም እወደዋለሁ። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርዎ። ወንድምዎን የሚደግፍበት ቦታ አለ፤ ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርገው ቦታም አለ።

ኦስካር የተወለደው በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኮንጎ ውስጥ፣ ሉቡምባሺ ከተማ ነው። አባቱን በልጅነቱ አጣ። በመጀመሪያ የሚጫወተው እግር ኳስ ነበር። አሜሪካ የመጣው በአሥራዎቹ ዕድሜ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው፤ በመጀመሪያ ቨርጂኒያ፣ ከዚያ ፔንሲልቬኒያ ኬኔዲ ካቶሊክ የሚባል ትምህርት ቤት ገባ። በ2019 የማክዶናልድ ኦል አሜሪካን ሆነ። ይህ ማለት ከመላው አገሪቱ ከተመረጡ 24 የሁለተኛ ደረጃ ወንድ ተጫዋቾች አንዱ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማንም የማያውቀው ልጅ አልነበረም።

የገባው ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ አሰልጣኝ ቦብ ሀጊንስ ጋ ነው። ወንድምዎ የዘለለው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኦስካር እዚያ ወንበር ሲያሞቅ አልከረመም። በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ባደረጋቸው 31 ጨዋታዎች በሙሉ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተሰላፊዎች አንዱ ነበር። በአማካይ 11.2 ነጥብና 9.3 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ነበረው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በሁለተኛው ዓመት ነገሩ ተበላሸ። በ10 ጨዋታ አማካዩ ወደ 8.5 ነጥብና 7.8 ሪባውንድ ወረደ። ቡድኑ ውስጥ ዴሪክ ከልቨር የሚባል ሌላ ትልቅ ሰው ነበር። ሁለቱም ቀለበቱ ሥር መቆም የሚወዱ፣ ከርቀት የማይተኩሱ ናቸው። ሁለቱ አብረው ሲገቡ ሜዳው ይጠባል፤ ተከላካዮች ሁሉ መሃል ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ኦስካር ሲሄድ ቡድኑ አጫጭር ጋርዶችን፣ ማለትም ኳስ ይዘው የሚመሩ ፈጣን ተጫዋቾችን፣ አብዝቶ ማሰለፍ ጀመረ። ያን ዓመት ጨዋታዎቹን ያየ ሰው ጉዳዩ የችሎታ ሳይሆን የቦታ መሆኑን ያውቃል። ኦስካር በ2021 መግቢያ ላይ ለቀቀ። በአሥር ቀን ውስጥ ኬንታኪ እንደሚገባ አስታወቀ።

ኬንታኪ ያን ዓመት እንዴት ነበር? 9 አሸንፎ 16 ተሸነፈ። እንደ ኬንታኪ ላለ፣ ዋንጫ ለለመደ ቤት ይህ እንደ ለቅሶ ነው። አሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ ቡድኑን እንደ አዲስ መሥራት ነበረበት፤ ቀለበቱ ሥር ጉልበት ያለው ሰው ይፈልጋል። ኦስካር ደግሞ ጉልበት ነው። ቁመቱ 2.06 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 118 ኪሎ። እሱ ያለው ነገርና እነሱ የጎደላቸው ነገር ግጥም አለ።

ጊዜውም ረድቶታል። ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። በኮቪድ ምክንያት የ2020-21 ውድድር ከማንም ተጫዋች የአራት ዓመት መብት ላይ እንዳይቆጠር ተወስኖ ነበር። ስለዚህ ዓመቱን መሃል ላይ ጥሎ ሲወጣ አንድም የውድድር ዓመት አልተበላበትም። ቀጥሎ ደግሞ በ2021 ኤፕሪል የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀይር ቁጭ ማለት ሳያስፈልገው ወዲያው እንዲጫወት ፈቀደ። በድሮው ደንብ ቢሆን ሁለት ሙሉ ሴሚስተር ሜዳ ዳር መቀመጥ ነበረበት። እሱ ግን የዓመቱን ሁለተኛ ሴሚስተር ከአዲሱ ቡድኑ ጋር ሲለማመድ ቆይቶ ኖቬምበር ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሰለፈ።

ያ ጨዋታ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ከዱክ ጋር ነበር። ኬንታኪ 79 ለ 71 ተሸነፈ። ኦስካር ግን 17 ነጥብና 20 ሪባውንድ ይዞ ወጣ። ቪዲዮውን ካገኙ ከወንድምዎ ጋር ቁጭ ብለው ይዩት። ኳሱን አይከተሉ፤ እሱን ብቻ ይከተሉ። ኳስ ገና ከተኳሹ እጅ ሳይወጣ እሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ከጥግ የተተኮሰ ኳስ ሲስት ብዙ ጊዜ ወደ ማዶ ጥግ እንደሚነጥር ያውቃል፤ ቀድሞ እዚያ ይሄዳል። ወገቡን ዝቅ አድርጎ ተከላካዩን በጀርባው ይገፋዋል። ሲዘል በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ከያዘ በኋላ ኳሱን ወደ ደረቱ አያወርደውም፤ ከአገጩ በላይ እንደያዘው ይቀራል፤ ትናንሾቹ ጋርዶች መንጠቅ አይችሉም። ካመለጠው ደግሞ ሁለተኛ ይዘላል፣ ሦስተኛ ይዘላል። እኔ ልጆቼን የማስተምረው ይህን ቪዲዮ እያሳየሁ ነው። ይህ ሥራ ሰው የሚያስጮህ አይደለም። ግን እንደዚህ የሚሠራ ልጅ የትም ቢሄድ አሰልጣኝ ይፈልገዋል።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዌስተርን ኬንታኪን ሲያሸንፉ በአንድ ጨዋታ 28 ሪባውንድ ወሰደ። ዓመቱን በአማካይ 17.4 ነጥብና 15.1 ሪባውንድ ጨረሰ። በአማካይ 15 ሪባውንድ የደረሰ የዲቪዥን አንድ ተጫዋች ከ1980 ወዲህ አልታየም ነበር። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚያስብሉት ሽልማቶች፣ ኔይስሚዝ፣ ዉደን፣ የአሶሼትድ ፕሬስ፣ ሌሎቹም፣ ሁሉም የእሱ ሆኑ።

አሁን አንድ ስሌት እናስላ። ለወንድምዎ በጣም የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል። ኦስካር በዌስት ቨርጂኒያ የመጀመሪያ ዓመቱ በጨዋታ 23 ደቂቃ ገደማ ነበር የሚሰለፈው። ኬንታኪ ውስጥ ወደ 32 ደቂቃ ገደማ። ሪባውንዱን ወደ ሙሉ 40 ደቂቃ ብንቀይረው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ወደ 16፣ ኬንታኪ ውስጥ ወደ 19 ይሆናል። አዎ፣ ተሻሽሏል። ግን ከ9 ወደ 15 ሲዘል ያየነው ነገር ከግማሽ በላዩ የደቂቃ ጭማሪ ነው። ልጁ አዲስ ሰው አልሆነም። ዌስት ቨርጂኒያ እያለም የሚሠራውን ነው ኬንታኪ ሄዶ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ሰፋ ባለ ቦታ የሠራው።

ስለዚህ የወንድምዎን የዓመት ቁጥር ያውጡ። ያገኘውን ሪባውንድ በተሰለፈበት ደቂቃ ያካፍሉ፣ በ40 ያባዙ። በስምንት ደቂቃ ሁለት ሪባውንድ የሚወስድ ከሆነ በ40 ደቂቃ 10 ነው፤ ይህ ሌላ አሰልጣኝ ቆሞ የሚያየው ቁጥር ነው። በስምንት ደቂቃ ግማሽ ሪባውንድ ከሆነ ግን በ40 ደቂቃ 2.5 ብቻ ይሆናል። ያኔ የጎደለው ደቂቃ ነው ብሎ ለመከራከር ይከብዳል። በእርግጥ በስምንት ደቂቃ የሚገኝ ቁጥር ይዋዥቃል፤ የአንድ ጨዋታ ሳይሆን የዓመቱን ድምር ይጠቀሙ። የልምምድ ቪዲዮም ካለው ጥሩ ነው።

የኦስካር ታሪክ ግን ሽልማቱ ላይ አያበቃም። በ2022 ማርች ኬንታኪ ሁለተኛ ደረጃ ተሰጥቶት ወደ ትልቁ ውድድር፣ የተሸነፈ ወዲያው ወደሚሰናበትበት የኮሌጆች ሻምፒዮና፣ ገባ። የመጀመሪያው ጨዋታ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ 15ኛ ደረጃ ከተሰጠው ከሴንት ፒተርስ ጋር ነበር። ሴንት ፒተርስ ኒው ጀርዚ ያለ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ 79 ተሸነፉ። ኦስካር 30 ነጥብና 16 ሪባውንድ ነበረው። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ያን ምሽት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት እጄ አልታዘዘኝም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ወደ ኤንቢኤ፣ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ይሄዳል ብሎ ሲጠብቅ ተመለሰ። የዓመቱ ምርጥ ተብሎ በአንድ ድምፅ ተመርጦ ወደ ኮሌጅ የተመለሰ ተጫዋች ከታይለር ሀንስብሮ ወዲህ፣ ማለትም ከ2008 ወዲህ፣ አልነበረም። እዚህ ላይ ለእርስዎ ቤት በጣም የሚቀርበው ጉዳይ ይመጣል። ቪዛው።

ከ2021 ጁላይ ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ማስታወቂያ መሥራት፣ ለፊርማ መከፈል፣ የመኪና ሻጭ ጋ ቆሞ ፎቶ መነሳት። ኦስካር የኬንታኪ ትልቁ ስም ነበር። ግን እንደ ወንድምዎ ኤፍ 1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ነበር። ኤፍ 1 ተማሪ ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ እንዳይሠራ የሚከለክል ነው፤ ግቢ ውስጥም ትምህርት እየተካሄደ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ። ማስታወቂያ መሥራት እንደ ሥራ ሊቆጠር ስለሚችል ጓደኞቹ የሚያገኙትን እሱ አሜሪካ ምድር ላይ ሆኖ ማግኘት አልቻለም። በ2022 ኦገስት ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ባሃማስ ሲሄድ ጊዜ አግኝቶ እዚያ፣ ከአሜሪካ ውጭ፣ የማስታወቂያ ሥራዎቹን ሠራ። የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች በስሙ ገንዘብ ለማግኘት ባሕር መሻገር ነበረበት።

ይህን የምነግርዎ ለምን መሰለዎት? ፖርታል የገባ ልጅ ስልኩ መጮህ ይጀምራል። «ና፣ ይሄን ያህል እንሰጥሃለን» የሚል ሰው አይጠፋም። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ ለተጫዋች መክፈል ጀምረዋል። ለአሜሪካዊ ልጅ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ለኤፍ 1 ተማሪ ግን በማያውቀው ነገር ፈርሞ ቪዛውን ሊያጣ የሚችልበት መንገድ ነው። ማንኛውም ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው። የአሰልጣኙ ቃል አይበቃም፤ የወኪሉ ቃል ጭራሽ አይበቃም። ለጠበቃ የሚወጣው ገንዘብ በኋላ በወንድምዎ ላይ ከሚመጣው ጣጣ ሁሉ ያነሰ ነው።

ወደ ኦስካር ልመለስ። በተመለሰበት ዓመት አማካዩ 16.5 ነጥብና 13.7 ሪባውንድ ነበር። አንድ ቀን ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ 37 ነጥብና 24 ሪባውንድ አስመዘገበ። በውድድሩ ፕሮቪደንስን 61 ለ 53 ሲያሸንፉ 25 ሪባውንድ ወሰደ። በሁለተኛው ዙር ካንሳስ ስቴት 75 ለ 69 አሸንፎ አሰናበታቸው። በዚያ ጨዋታ ካንሳስ ስቴትን የመራው ማርኪስ ኖዌል ነው፤ ከ1.75 ሜትር የማይበልጥ አጭር ጋርድ። 27 ነጥብ አስቆጠረ።

በ2023 ጁን የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ምሽት 58 ስም ተጠራ። የኦስካር ስም አልነበረበትም።

ወንድምዎ ይህን ሲሰማ «አልተፈረደለትም» ሊል ይችላል። እኔም እንደዚያ ተሰምቶኝ ነበር። ምክንያቱ ግን ሜዳው ላይ የሚታይ ነው። የዛሬ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ አብዛኛው የሚያልፈው በአንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ፒክ ኤንድ ሮል። ኳስ የያዘው ፈጣን ጋርድ በረጅሙ ጓደኛው ከለላ ዙሪያ ዞሮ ይመጣል። ከለላ የሆነውን ረጅም ሰው የሚጠብቀው ተከላካይ በዚያች ሰከንድ ሁለት ሥራ አለበት። ጋርዱን ማስቆም አለበት፤ ደግሞም የራሱ ሰው ወደ ቀለበት ሲሮጥ ቀድሞ መመለስ አለበት። ለዚህ እግር ያስፈልጋል፤ ወደ ጎን ቶሎ ቶሎ የሚንሸራተት እግር። 118 ኪሎ ይዞ ከኖዌል ዓይነት ልጅ ጋር እንዲህ መንሸራተት ከባድ ነው። በማጥቃት በኩል ደግሞ ኦስካር ከሦስት ነጥብ መስመር የሚተኩስ አልነበረም። ያን ጊዜ ዕድሜው 23 ነበር፤ ቡድኖች የ19 ዓመት ልጅ ወስደው እናሳድገዋለን ይላሉ፣ በ23 ዓመት ግን የተጠናቀቀ ሰው ነው የሚፈልጉት።

ዌስት ቨርጂኒያ ሲገባ የነበረበት ጉድለት ኬንታኪ ሲገባም ነበረ፤ ከኬንታኪ ሲወጣም አልለቀቀውም። ዩኒቨርሲቲ መቀየሩ ያለውን ጥንካሬ አጉልቶ አሳየለት። የጎደለውን ግን አልሞላለትም፤ ያንን የሚሞላው ሌላ ሥራ ነው፣ በጋውን ሙሉ በባዶ ጂም ውስጥ ለብቻ የሚሠራ።

እሱ ደግሞ ተስፋ አልቆረጠም። የኤንቢኤው ቡድን ኢንዲያና ፔሰርስ ጊዜውን ከታችኛው ሊግ ጋር በሚያካፍል ውል ወሰደው። በ2023-24 የታችኛው ሊግ፣ የጂ ሊጉ፣ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። እንዴት? በሪባውንድ ነዋ። ከዚያ ሌላው የኤንቢኤ ቡድን ዩታ ጃዝ በተመሳሳይ ውል ወሰደው። ከሉቡምባሺ ተነስቶ እዚህ የደረሰ ልጅ፣ ለእኔ ትልቅ ሰው ነው።

አሁን ስለ ወንድምዎ። ፖርታል ውስጥ ስሙ አንዴ ከገባ አሁን ያለበት ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፑን ከሴሚስተሩ መጨረሻ በኋላ ላይቀጥልለት ይችላል። ብዙ ልጆች ይህን የሚያውቁት ከገቡ በኋላ ነው። በየዓመቱ ፖርታል ገብተው ቦታ ሳያገኙ የሚቀሩ አሉ። ለአሜሪካዊ ልጅ ይህ ማለት ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ለወንድምዎ ግን ቪዛውም የሚቆመው በሙሉ ጊዜ ትምህርት ላይ ነው። የኤፍ 1 ተማሪ ሲቀይር አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ሊቀበለው ይገባል፤ ከዚያ የድሮው ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ መዝገቡን ያስተላልፍለታል፤ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አይ 20፣ ለተማሪ ቪዛው የሚያስፈልገውን ሰነድ፣ ይሰጠዋል። ትምህርቱንም በሚቀጥለው ሴሚስተር፣ ቢዘገይ በአምስት ወር ውስጥ መጀመር አለበት። ስለዚህ ከአሰልጣኙ ጋር ከመነጋገሩ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይሂድ። ነገ ይሂድ።

ሌላው ክሬዲት ነው። በዲቪዥን አንድ ሦስተኛ ዓመት ሲጀምር የዲግሪውን 40 በመቶ፣ አራተኛ ሲጀምር 60 በመቶ፣ አምስተኛ ሲጀምር 80 በመቶ መጨረስ ይጠበቅበታል። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ የወሰዳቸውን ኮርሶች በሙሉ ላይቆጥርለት ይችላል። አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፤ የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ከሂሳብና ከሳይንስ ኮርሶቹ አብዛኞቹን ለአዲሱ ሜጀሩ አልቆጠረለትም። አሰልጣኙ «ችግር የለም» ብሎት ነበር። ችግር ነበር። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በሙሉ የቡድኑን ልብስ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ አሳለፈው። እናቱ ልታየው ከሩቅ መጥታ ሳይሰለፍ አይታው ተመለሰች። የዚያች እናት ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ክሬዲቱ እንደተቆጠረ በጽሑፍ ይምጣለት፤ ከአሰልጣኙ ሳይሆን ከሬጂስትራሩ።

አዲስ አሰልጣኝ ሲደውልለት «ስንት ደቂቃ ትሰጠኛለህ?» ብሎ እንዳይጠይቅ ይንገሩት። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም አሰልጣኝ መልስ አለው፤ ዋጋ የለውም እንጂ። ይልቅ «በሚቀጥለው ዓመት በእኔ ቦታ ማን ማን ይኖራል?» ይበል። «እኔን ለምንድነው የፈለግከኝ? የቱን ጨዋታ አይተህ ነው?» ይበል። ካሊፓሪ ኦስካርን ለምን እንደፈለገው አንድ ሕፃን ይነግርዎታል፤ ለሪባውንድ ነው። ወንድምዎንም የሚፈልገው አሰልጣኝ እንደዚያ በአንድ ቃል መናገር ከቻለ ጉዳዩ ሊታሰብበት ይገባል። «አትሌት ነህ፣ ቁመትህ ጥሩ ነው» ብቻ ካለ ግን ልጁን አላየውም ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ አሁን ላለው አሰልጣኝ አንድ ዕድል ይስጠው። ቢሮው ገብቶ በአክብሮት «ደቂቃዬ እንዲጨምር የትኛውን ነገር ላስተካክል?» ይበለው። መልሱ ግልጽ ከሆነ፣ ለምሳሌ «መከላከል ላይ እግርህ ዘግይቷል» ካለው፣ ያ ድክመት በሻንጣው ውስጥ ሆኖ ወደ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ አብሮት ይሄዳል፤ ስለዚህ በጋውን እዚያ ላይ ይሥራ። መልሱ «ከፊትህ ሁለት የአራተኛ ዓመት ልጆች አሉ» ከሆነ ደግሞ ሁለቱ በሚቀጥለው ዓመት አይኖሩም። እነሱ ከሄዱ በኋላም ቦታውን ከውጭ ለሚያመጡት ሌላ ልጅ ለመስጠት ካሰቡ፣ ያኔ የኦስካር ዓይነት ጉዳይ ነው፤ ፖርታሉንም አልቃወምም።

የ40 ደቂቃውን ስሌት ሠርተው ከመለሱልኝ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን። ሪባውንዱን ብቻ ሳይሆን የሠራቸውን ፋውሎችም ይጻፉልኝ። ወጣት ፎርዋርድ ስምንት ደቂቃ ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በፋውል ምክንያት ነው።